ማይኩን ያጠፋብን ሰውዬ እና የሼፊልድ ልጆች

በ2006 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ አንድ የተማሪዎች ምሽት ላይ መድረክ ወጥተን ነበር። አራት ነን። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ጯሂ። ከበሮ መቺ የለንም። ከበሮም የለንም። የሚመታልን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነው። ጯሂው እኔ ነኝ።

መግቢያው አለቀ። አየር ሳብኩና ለቀቅኩት። አዳራሹ ውስጥ የተሰማው የአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ማይኩ ሞተ። ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ እጁን እያወዛወዘ «ቆይ ቆይ፣ ፊድባክ ነው፣ ላስተካክለው» ይለኛል። ማይኩና ስፒከሩ ተያይዘው የሚያወጡት ፉጨት ነው ማለቱ ነው። ፊድባክ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ያ ባንድ በ14 ወሩ ሞተ። ስሙን አልጽፈውም፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ለባንድ የሚያወጣው ስም ምን እንደሚመስል ገምቱት። ሦስት ዘፈን ጀምረን አንድ ጨረስን። ቤዝ ይጫወት የነበረው አሁን ባንክ ቤት ነው። አንዱ ጊታሪስት ፍኖተ ሰላም ሂሳብ ያስተምራል። ሌላው አገር ውስጥ የለም። እኔ ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ሳውንድ አከራያለሁ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ስብሰባ፣ የሱቅ ምረቃ፣ የመጣውን ሁሉ። አዎ፣ ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ሆኛለሁ።

ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ እኛ ባንድ አይደለም። እኛን ስላሳበደን ባንድ ነው። ዋይል ሺ ስሊፕስ ይባላሉ። እንግሊዞች ናቸው፣ የሼፊልድ ልጆች። ሼፊልድ የብረት ከተማ ናት፤ የቢላና የሹካ አገር። ሙዚቃቸውም ከዚያው የወጣ ይመስላል።

መጀመሪያ የሰማኋቸው ዶርም ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የክፍል ልጅ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነበረው። ዘጠና በመቶው ፊልም ነው። አንድ ጥግ ላይ «ሮክ» የሚል ፎልደር አለ። ጃኖ ባንድ ያን ሰሞን በአማርኛ ሮክ መዝፈን እንደሚቻል አሳይቶ ስለነበር ልባችን አብጧል፤ ፎልደሩን ከፍተን እንደ ጉድ መስማት ጀመርን። አብዛኛው አልገባኝም። የእነሱ የመጀመሪያ አልበም ላይ ስደርስ ግን ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። «ይኼማ ፉከራ ነው» አልኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ሜታልኮር ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሄቪ ሜታልና ሃርድኮር ፓንክ የተጋቡበት ሙዚቃ ነው። ጊታሩ ክሩ ላልቶ ወደ ታች ይቃኛል፣ ድምፁ እንዲወፍር። አንዱ ይጮሃል፣ ሌላው ያዜማል። መሃል ላይ ብሬክዳውን የሚሉት ነገር አለ። ሩጫው ድንገት ይሰበራል፣ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ጊታሩና የእግር ከበሮው አንድ ላይ ሆነው ቀስ ብለው እንደ ሙቀጫ ይወቅጣሉ። ሰዉ የሚያብደው እዚያ ላይ ነው።

አሁን እኛ አገር ሰርግ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። አንዱ ቀረርቶውን እያዜመ ይጀምራል፣ ረዘም አድርጎ። ሰዉ ይጠብቃል። ከዚያ ከበሮው ቀጥ ይልና ሌላው «ዘራፍ!» ብሎ ዘሎ ይገባል። ማዜሙ አለ፣ መጮሁ አለ፣ ዝምታው አለ። ቅደም ተከተሉ እንኳን ይመሳሰላል። ዘመድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ጎጃም ያደገ ጆሮ ግን ይህን ሙዚቃ ሲሰማ ጨርሶ ባዳ አይሆንበትም ለማለት ነው።

ጩኸቱን የተለማመድኩት ክረምት ላይ፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ገብቼ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ አጎቴ ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። የሆነ ነገር የያዘኝ መስሎት ነው። አያ የምለው ይኼው አጎቴ በአካባቢው በቀረርቶ የታወቀ ሰው ነው፤ ሰርግ ላይ እሱ ሳይነሳ ድግሱ ሞቀ አይባልም። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ነገርኩት። አልሳቀም። «እስቲ ድገመው» አለኝ። ደገምኩት።

«ከጉሮሮህ ነው የምታወጣው» አለኝ። «ከጉሮሮ የወጣ ፉከራ ጠላት አያስፈራ፣ ለባለቤቱም ጉሮሮ አያተርፍ።» ከዚያ መዳፉን ሆዴ ላይ፣ ከእምብርቴ ትንሽ ከፍ አድርጎ አሳረፈና ተጫነኝ። «ከዚህ። እዚህ ካልገፋህ ዝም በል።»

ከዓመታት በኋላ የጩኸት አሠልጣኞች የሚያስረዱትን ዩቲዩብ ላይ ሳይ አጎቴ ትዝ አለኝ። የሚሉት ይህንኑ ነው። ትንፋሹ ከታች፣ ከድያፍራም ይገፋል። የሚንቀጠቀጠው ደግሞ ዋናው የድምፅ አውታር ሳይሆን ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው ሐሰተኛ አውታር የሚባለው ነው። ዋናውን አውታር እያፋተጉ የሚጮሁ ሰዎች ይጎዱታል። የዋይል ሺ ስሊፕሱ ድምፃዊ ሎዝ ቴይለር ራሱ ከመጀመሪያው አልበም በኋላ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ተደርጓል። ድምፃዊው ሳይናገር የሚቀመጥበት ባንድ ምን ይሆናል? ጉዞ ይሰረዛል። ኮንሰርት ከሌለ ገንዘብ የለም። የእኔ ሥራም እንደዛ ነው፤ ጄኔሬተሩ ሲታመም ቤቱ ሁሉ ይታመማል።

እንግዲህ ወደ ኑሯቸው ልግባ፤ የምወዳቸው ለጩኸቱ ብቻ አይደለምና።

ባንዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሎዝ በ2009 ገባ። ከዚያ ወዲህ አምስቱ ራሳቸው ናቸው። አንድም ሰው አልወጣም፣ አንድም አልገባም። ይህ ብቻ ያስገርመኛል። እኛ አራት ሆነን 14 ወር አልቻልንም። የተጣላነው ደግሞ በሙዚቃ አይደለም፣ ላፕቶፑን ማን ቤቱ ይወስደው በሚል ነው።

የመጀመሪያውን አልበም በ2012፣ ሁለተኛውን በ2015 አወጡ። ያኔ ሙዚቃቸውን የሚያወጣላቸው ኩባንያ ነበራቸው። የኩባንያ አሠራር ለማታውቁት፣ ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጥሃል። ቀብድ ይመስላል። ግን ብድር ነው፤ ከሽያጭህ ላይ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ ያንተ ድርሻ እጅህ አይገባም። ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው ቅጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ይሆናል። እኛ ጋ እኩል ማረስ የሚባለው አለ አይደል? መሬቱ የሰው፣ ጉልበቱ ያንተ። ልዩነቱ እኩል ያረሰ ቢያንስ አውድማ ላይ ቆሞ ያካፍላል፣ ስንት ቁና እንደወጣ በዓይኑ ያያል።

ሦስተኛው አልበም ላይ ነገሩን ገለበጡት። ሼፊልድ ውስጥ አንድ መጋዘን ይዘው ራሳቸው ስቱዲዮ አደረጉት። ስሊፕስ ብራዘርስ ብለው ሙዚቃቸውን የሚያወጡበት የራሳቸውን ስም አቆሙ። ገንዘቡን ከአድማጭ ሰበሰቡ። ፕሌጅሚውዚክ የሚባል ድረ ገጽ ነበር፤ አድማጩ አልበሙ ሳይወጣ አስቀድሞ ይከፍላል፣ ባንዱ በዚያ ይሠራል፣ ሲያልቅ ለከፈለው ይልካል። አልበሙ ሚያዝያ 2017 ወጣና በእንግሊዝ የአልበሞች ሰንጠረዥ ስምንተኛ ሆኖ ገባ። አለቃ የሌለው የጩኸት ባንድ፣ ስምንተኛ! የዚያን ቀን ደብረ ማርቆስ አንድ ካፌ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ለማን ልንገር ብዬ ዞር ዞር አልኩ። አስተናጋጁን ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝኩት፤ ደስታዬ በዚህ አለፈ።

ይህን ነገር እኔ የምረዳው በእቁብ ነው። ሰው ተማምኖ ገንዘብ ያዋጣል፣ አንዱ አንስቶ ይሠራበታል። እቁብ ግን ዳኛ አለው። ፕሌጅሚውዚክ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የብዙ ሙዚቀኛ ገንዘብ እጁ ላይ እንዳለ ከሰረ። ዳኛው የጠፋበት እቁብ ሆነ ማለት ነው። የእኔዎቹ ቀድመው አንስተው ስለነበር ተረፉ። ኩባንያውን ጥለህ ብትወጣ መሃል ላይ የሚቆም ሌላ ሰው አይጠፋም።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። በ2010 ዓ.ም. ስፒከር የለኝም፣ ከሰው እየተከራየሁ ነው የምሠራው። አንድ ዝግጅት ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሠራሁ። አዘጋጁ «ሰኞ» አለኝ። ሰኞ «ሐሙስ» አለኝ። ከዚያ ስልኩ መጥራት ብቻ ሆነ። ስፒከሩን ላከራየኝ ሰው ግን ሰኞም ሐሙስም የለውም፣ ከኪሴ ከፈልኩ። በዚያው ዓመት እቁብ ገባሁና አራተኛው ዕጣ ደረሰኝ። ሁለት ባለ 15 ኢንች ስፒከር ገዛሁ፣ ያገለገሉ። አንዱ ጎኑ ላይ ተጭሯል። ቤት አምጥቼ ሳሎን መሃል ሳቆማቸው እናቴ «ፍሪጅ ነው?» አለችኝ። ሰክቼ መጀመሪያ የከፈትኩት የእነዚህኑ ልጆች ነው። ጎረቤት መጣ።

ስለ ቲሸርቱ ልንገራችሁ። ባንዱ አንድ ጊዜ ቲሸርት ሠርቶ ነበር። የተጻፈበት ነገር ባጭሩ፣ አንድ ቲሸርት መግዛት ለባንዱ ኪስ ስፖቲፋይ በሚባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ ማዳመጫ ላይ 5,000 ጊዜ ከመስማት ጋር እኩል ነው ይላል። ማታ ተቀምጬ አሰላሁት። አንድ ዘፈን አራት ደቂቃ ነው ብንል 5,000 ጊዜ መስማት 20,000 ደቂቃ ነው። ሌት ተቀን ሳያቋርጡ ወደ 14 ቀን። እኔ ልጆቹን ለመርዳት ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ሳልተኛ ብሰማ፣ መብራትም ሳይጠፋ፣ አንድ ከነቴራ ገዛሁላቸው ማለት ነው። ሳቅኩ። ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ።

ቲሸርቱን ለመግዛት ሞከርኩ። እዚህ ያለው የባንክ ካርዴ ውጭ አገር አይከፍልም። እንግሊዝ የምትኖር የአክስቴን ልጅ ለመንኳት። ያኛው አልቆ ነበር፤ ስማቸው ብቻ ያለበትን ጥቁሩን ገዝታ፣ ስትመጣ ከሕፃናት ልብስና ከቸኮሌት ጋር ሻንጣዋ ውስጥ ጠቅጥቃ አመጣችልኝ። ለሦስት ሰርግ ለበስኩት። እናቴ አጥባ ከነጠላዋ ጎን ስታሰጣው ጽሑፉን አየችው።

«ምን ይላል?»

«‹እሷ ተኝታ ሳለች› ነው የሚለው።»

«ማን ናት እሷ?»

«እኔ እንጃ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ተኝታ ሳለ ነው እንዴ እንዲህ የሚጮሁት?»

መልስ የለኝም። እስካሁን የለኝም።

ከዚያ የመጣው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ስሊፕስ ሶሳይቲ ብለው ማኅበር አቆሙ። በየወሩ የምትከፍል አባል ትሆናለህ፤ የሚሠሩትን ታያለህ፣ ቀድመህ ትሰማለህ። የ2021ዱን አልበም በዚሁ በማኅበሩ ስም ሰየሙት። አንዱ ዘፈን ላይ ደግሞ አባላቱን እንደ ተጋባዥ ድምፃዊ ስማቸውን አስገቡ። አድማጩ አብሮ ዘፈነ ማለት ነው።

እንግሊዝ አገር ይህ እንደ አዲስ ዘዴ ተወራ። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ግን ምን ይላል? አዝማሪው ማሲንቆውን ራሱ ይዞ ይመጣል። ቅጂ የሚሸጥለት የለም፣ አለቃ የለውም። የተደሰተ ሰው ይነሳና መቶ ብሯን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ መሃል ላይ ማንም የለም። «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ስትሰጠው ያንተን ግጥም መልሶ ያንተን ዘፈን ያደርገዋል። የ2021ዱ ዘፈን ላይ አድማጩ ሲያጅብ ስሰማ የታየኝ ይህ ነው። ልጆቹ ዞረው ዞረው አዝማሪ ቤት ገቡ።

እዚህ ላይ ግን አዝማሪነትን እንደ ገነት አላስመስለውም። ሰርግ ላይ የማመጣቸው አዝማሪዎች ግንባራቸው ላይ የተለጠፈውን ብር ሲቆጥሩ አይቻለሁ። ሞቅ ያለ ማታ አለ፣ አምስት ሰው ብቻ የመጣበት ማታም አለ። የወር ደመወዝ የለም፣ የሕመም ፈቃድ የለም። ልጆቹም ጨርሰው ብቻቸውን አልቆሙም። በ2021ዱ አልበም ላይ ከራሳቸው ስም ጎን ስፓይንፋርም የሚል የኩባንያ ስም አለ። አንዳንድ ወዳጆቼ «አየህ፣ ተመለሱ» ይሉኛል። እኔ እንደዛ አላየውም። ሥራ ሲበዛብኝ እኔም የሌላ ሰው አይሱዙ እከራያለሁ። አይሱዙ ስለተከራየሁ ስፒከሩ የባለ አይሱዙው አይሆንም። ዋናው ጥያቄ ማታ ሲያልቅ ዕቃው የማን ቤት ያድራል የሚለው ነው።

በ2023 ለንደን፣ አሌክሳንድራ ፓላስ የሚባል ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ዋና ተጫዋች ሆነው ቀረቡ። አሥር ሺህ ሰው የሚይዝ ቦታ ነው። ቪዲዮውን ሳይ ሙዚቃውን ትቼ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ በሽታዬ ሆኗል። ከጣሪያ የተንጠለጠሉትን ስፒከሮች እቆጥራለሁ። ኬብሉ በየት በኩል እንደሄደ እፈልጋለሁ። አንዱ ጥግ ላይ ጥቁር የለበሰ ሰውዬ ሚክሰር ላይ አጎንብሷል። ማይኩን አላጠፋውም።

የ2024ቱ አልበማቸው የወጣ ጊዜ እኛ ጋ ዳታ ተዘግቶ ነበር። እንኳን አልበም፣ መልእክትም አይገባም። ከአዲስ አበባ የመጣ ወዳጄ በፍላሽ አመጣልኝ። ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ስሰካ ሃርድ ዲስኩና ዶርሙ ትዝ አለኝ። ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ፣ እኔ አሁንም ሙዚቃ የማገኘው በሰው ኪስ ነው። አልበሙን ወደድኩት ወይ? ግማሹን። ከድሮው ለስለስ ብሏል፣ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ በዝቶበታል። አያ ቢሰማው «ከጉሮሮ ነው» አይልም ግን። ይህን እርግጠኛ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ።

ጥር ነው። ሉማሜ አካባቢ ሰርግ አለን። ዳሱ ተጥሏል፣ ሙሽራው ገና መንገድ ላይ ነው፣ ሴቶቹ ጓዳ ወጥ ያማስላሉ። እኔ ሳውንድ እሞክራለሁ። ለሙከራ ሁልጊዜ የማስገባው የእነዚህን ልጆች ነው፣ ምክንያቱም ቤዙ ከታች፣ ጩኸቱ ከመሃል፣ ሲምባሉ ከላይ፣ ሁሉም ሞልቶ ስለሚመጣ የታመመ ስፒከር ወዲያው ራሱን ያጋልጣል። የሙሽሪት አያት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አሳርፈው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?»

«እየፎከረ ነው፣ አባባ።»

«በማን ላይ?»

ምን ልበላቸው? እውነቱን ለመናገር ግጥሙ ስለ ሌላ ነገር ነው። ግን አሳጠርኩት።

«ሥራዬን ሌላ ሰው አይሸጥልኝም፣ ራሴ እሸጠዋለሁ ብሎ ነው።»

አሰቡ። «ከብቱን ማርባቱንም ራሱ፣ ገበያ መንዳቱንም ራሱ?»

«አዎ፣ ሁሉንም ራሱ።»

«ታዲያ ቢጮህ ይፈረድበታል?» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «ጨምርለት እስቲ።»

ጨመርኩለት። የግራው ስፒከር ትዊተር፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው፣ እንደተቃጠለ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።